ጭድ የሌለው ጭቃ፦ ውሃ ውስጥ ለምትውል ጀልባ ኢፖክሲ ስንመርጥ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ሰው የሚያንሸራሽር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቋል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? 7 ሜትር የምትሆን የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ከሆዷ በኩል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው ቦታ ላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቃለች። ሁለት ጊዜ በመኪና ስቱኮ አስደፈንኳት። የመጀመሪያው ሁለት ወር ቆየ፣ ሁለተኛው አምስት ሳምንት። አሁን በየማለዳው ውሃ ቀድቼ ነው ሥራ የምጀምረው። ገበያ ላይ እንደ ሊጥ የሚታሽ፣ ውሃ ውስጥ ይጠነክራል የሚባል ኢፖክሲ አገኘሁ። በጣሳ የሚመጣው ደግሞ ውድ ነው። የቱን ልግዛ? ፊቼ ጨምበላላ እየደረሰ ስለሆነ ከውሃ ሳላወጣት የሚሆን ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል።»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ከዚያ ቀስ ብለን እናየዋለን። ጀልባዋን አውጣት። በጣሳ የሚመጣውን ባለሁለት ክፍል ኢፖክሲ፣ ማለትም ሬዚኑና ማጠንከሪያው ሲቀላቀሉ የሚደርቀውን ጠንካራ ማጣበቂያ ግዛ፤ የፋይበር ጨርቅም አብረህ ግዛ። እንደ ሊጥ የሚታሸውንም አንድ ያዝና ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጠው። እሱ ለመንገድ ነው። ጥገና ብለህ አትመካበት። ሰው የምትጭን ጀልባ ናትና።

ስቱኮው ለምን እንደለቀቀ እንይ። ጋራዥ ያለው፣ በቀይ ማጠንከሪያ የሚለወሰው ስቱኮ፣ ብዙ የታልክ ዱቄት የገባበት ፖሊስተር ሬዚን ነው፤ ሬዚን ማለት ማጠንከሪያ ሲገባበት የሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ ነው። የተሠራው ለመኪና በር ነው። ደረቅ ቆርቆሮ ላይ ይቀመጣል፣ ቀለም ይቀባበታል፣ ዝናብ ሲመታው ውሃው ወርዶ ይሄዳል። ጀልባ ሥር ግን ውሃው የትም አይሄድም። ቀንም ሌሊትም እዚያው ነው። ስቱኮው ውሃ ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከጠርዙ መላቀቅ ይጀምራል። አንተ ያየኸው የወደቀበትን ቀን ነው። መልቀቅ የጀመረው ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሆን ይችላል።

አንዴ እንደ አንተው የተደፈነች ጀልባ መጣችልኝ። ላይዋን ላየው ሰው ደህና ናት። ቀለሟም አልተነካም። የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁና በጠርዙ ሆዷን ቆርቆር እያደረግኩ ሄድኩ። ጤነኛው ፋይበር ላይ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ድፍኑ ላይ ስደርስ ታፈነ። የስፓቱላ ጫፍ ከሥሩ አስገብቼ ትንሽ ቀና ሳደርገው ድፍኑ እንደ ዳቦ ቅርፊት ሙሉውን ብድግ አለ። ጀርባው እርጥብ ነበር። አረንጓዴ ልጋግ ይዞታል። ውሃው ለሳምንታት ከኋላው ሲመላለስ ቆይቷል ማለት ነው። አንተም ሳንቲም ያዝና ሞክር። ድምፁ የታፈነበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ክበበው። በዓይንህ ከምታየው ስንጥቅ ሰፋ ይላል።

ብዙ ሰው ድፍኑን የሚነቅለው የውሃ ግፊት ይመስለዋል። ሒሳቡን እንሥራው። ስንጥቁ ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር በታች ነው እንበል። መዳፍ በሚያህል፣ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር በሆነ ድፍን ላይ የሚያርፈው 3 ኪሎ ብቻ ነው። ይሄ በደንብ የተጣበቀ ነገር አይነቅልም። የሚነቅለው መተጣጠፉ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን፣ ተሳፋሪ ሲነሳና ሲቀመጥ፣ ጀልባዋን ጠጠር ላይ ስትጎትታት፣ ፋይበሩ ወደ ውስጥ ገባ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ። ደረቅ ያለ፣ የማይታጠፍ ድፍን ይሄን አይችልም።

እስቲ የጭቃ ቤት አስብ። እንጨቱ ይቆማል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የኢፖክሲ መሙያም እንዲሁ ነው። ዱቄት የገባበት ኢፖክሲ ጉድጓድ ይሞላል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ሲጫኑት ይችላል። ግራና ቀኝ ሲጎትቱት የሚይዘው ግን ፋይበሩ ነው። ስለዚህ የቱን መሙያ ልግዛ ከማለትህ በፊት ጉዳቱ መሙያ ይበቃዋል ወይ ብለህ ጠይቅ። ላይ ላዩን የተጫረ፣ ጄልኮቱ፣ ማለትም የፋይበሩ የላይኛው ለስላሳ ሽፋን ብቻ የተፈነከተ፣ እስከ ውስጥ ያልዘለቀ የድሮ ብሎን ቀዳዳ፣ ለእነዚህ መሙያ ይበቃል። ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ፋይበሩ ተበጥሷል ማለት ነው። የተበጠሰ ፋይበር የሚቀጠለው በፋይበር ነው።

አሁን ወደዚያ እንደ ሊጥ ወደሚታሸው ልምጣ፤ ንቄው እንዳይመስልህ። ጥሩ ነገር ነው፣ ቦታው ላይ ከዋለ። በቂ ውፍረት ስላለው ስትጫነው ውሃውን ገፍቶ ያስወጣል፤ ማጠንከሪያውም ውሃ ሲነካው የማይበላሽ ዓይነት ነው። ተራው ኢፖክሲ ይህ የለውም። ነገር ግን እርጥብ ላይ የተጣበቀ ነገር ደረቅ ላይ የተጣበቀውን ያህል አይዝም። የምርት ስሙ ምንም ይሁን ይሄ አይቀየርም።

መቼ ይጠቅምሃል? ፍቅር ሐይቅ በኩል ሰው ጭነህ ድንጋይ ገጨህ እንበል። 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በደቂቃ ከ8 እስከ 9 ሊትር ያስገባል። በሰዓት 500 ሊትር ገደማ። ግማሽ ቶን ነው! ዳር ደርሰህ ሰዎቹን ካወረድክ በኋላ፣ ጀልባዋ ወደምትወጣበት ቦታ እስክታደርሳት ያቺ እንደ ሊጥ የምትታሽ ኢፖክሲ ታድንሃለች። ስትጠቀምባት ልጋጉንና ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፋቅ አድርግ። የሊጡ ሁለት ክፍሎች ቀለማቸው አንድ እስኪሆን እሻት፤ ነጭ መስመር ከቀረ አልተዋሃደም። ጓንትህን አርጥብ፣ አለበለዚያ ጣትህ ላይ ትጣበቃለች። ከመሃል ወደ ዳር እየገፋህ ጫናት፤ ጥቂት ደቂቃ ሳትለቅ ያዛት። ደግሞ ከተቻለ ከውጭ በኩል ለጥፋት። ከውጭ ከሆነ ውሃው ራሱ ወደ ጀልባዋ ይጫንልሃል። ከውስጥ ከሆነ ውሃው ይገፋታል። በኋላ ዋናውን ጥገና ስትሠራ ሙሉ በሙሉ ፍቀህ አውጣት። በላይዋ ላይ አትሥራ።

ሲሊኮን ግን አደራህን አታስጠጋ። ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ኢፖክሲ አይዝም፤ ርዝራዡን ማጽዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በሲሊኮን ተደፍና የመጣችልኝን ጀልባ ለማጽዳት ከጥገናው የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ውሃ ውስጥ ቆሞ መጠገንን ያልወደድኩት በማጣበቂያው ምክንያት ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለው። ቢልሃርዚያም አለ። ግማሽ ቀን ውሃ ውስጥ ቆመህ ስትፍቅ መዋል የለብህም። አቧራውና ፍርፋሪውም የሚገባው ዓሣው ወዳለበት ውሃ ነው። ያንተ ጀልባ ደግሞ መርከብ አይደለችም። ሞተሯን አውርደህ፣ ስምንት ሰው ይዘህ፣ አራት አምስት ክብ የባህር ዛፍ ግንድ ከሥሯ ብታነጥፍ ትወጣለች። ግንዶቹን በኋላም አትጣላቸው። ስንጥቁን ያመጣው ጠጠር ላይ መጎተቱ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ከወጣች በኋላ ሰው የሚቸኩልበት፣ ሥራውም የሚበላሽበት ቦታ ይመጣል። ማድረቅ። የላይኛው ቆዳ በአንድ ቀን ፀሐይ ይደርቃል። የተሰነጠቀው ፋይበር ውስጥ የገባው ውሃ ግን አይደርቅም፤ በክሮቹ መሃል ተስቦ ከስንጥቁ ርቆ ሄዷል። የድሮውን ስቱኮ ሙሉ በሙሉ አንሳ። ቦታውን በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠብ። ከዚያ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አቆያት። ዝናብ ካለ ሸራ ወጥርባት፤ ጎንና ጎኑን ግን ክፍት ተወው። የፀጉር ማድረቂያ ወይም አምፖል ማስጠጋት ይቻላል። እሳት ግን በጭራሽ።

ደርቋል አልደረቀም የሚለውን በላስቲክ ታውቀዋለህ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ቆርጠህ ስንጥቁ ላይ ዘርጋ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ዙሪያውን አሽገው። ፀሐይ ይምታው። በማግስቱ እየው። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ላብ ከያዘ ውሃ ገና እየወጣ ነው። ላስቲኩን አንሳ፣ ሦስት ቀን ጠብቅ፣ እንደገና ሞክር። ጥርት ብሎ ሲገኝ ሥራ ጀምር። አንዳንዴ አንድ ሳምንት ይበቃል፣ አንዳንዴ ከሁለት በላይ ይሄዳል። በዓሉ እንደሚያስቸኩልህ ይገባኛል። ግን እርጥብ ላይ ሠርተህ በበዓሉ መሃል ከሚለቅ፣ ለጥቂት ቀን የጓደኛህን ጀልባ ተከራይ ብዬ ብመክርህ ይሻለኛል።

ስትፍቅ አንድ ነገር ልብ በል። ጄልኮቱ ላይ እንደ ብጉር ያበጡ ነገሮች ካየህ፣ አንዱን ስትወጋውም እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ፣ ውሃ ጄልኮቱን አልፎ ፋይበሩ ጋ ደርሷል። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨዋማ አይደለም። ብዙ ሰው ጨዋማ ባሕር ጀልባን የበለጠ የሚጎዳ ይመስለዋል። በዚህ በብጉር ነገር ግን ተቃራኒው ነው፤ ጨው የሌለውና ሞቅ ያለው ውሃ ይብሳል። በሌላ በኩል ባሕር ላይ ከጀልባ ሆድ ጋር የሚጣበቁት ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረታት ሐዋሳ የሉም። ስለዚህ እነሱን የሚገድል መርዝ ያለበትን የባሕር ቀለም ማንም እንዳይሸጥልህ። ገንዘብህም ይባክናል፣ ዓሣውም ይጎዳል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ሬዚንና ሃርድነር (ማጠንከሪያው) ለብቻ ለብቻ በጣሳ የሚመጣ፣ ቲነር ያልገባበት፣ ለፋይበር ጨርቅ ማራሻ የሚሆን ኢፖክሲ ትፈልጋለህ። ሱቅ ስትገባ ማሪን ወይም ላሚኔቲንግ የሚል ጽሑፍ ፈልግ። ሃርድነሩ ፈጣንና ዘገምተኛ ካለው ዘገምተኛውን ውሰድ፤ የሐዋሳ ቀን ሞቃት ነው። የአምስት ደቂቃ የሚባለውን ባለሁለት ቱቦ ተወው። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል። ለጠረጴዛ የሚፈሰውን መስታወት መሳይ ኢፖክሲም ተወው፤ የተሠራው ለውበት ነው። የፋብሪካ ወለል የሚቀቡ ሰዎች ጋ ትርፍ ኢፖክሲ አይጠፋም፤ ግን ብዙ ጊዜ አሸዋና ቀለም ቀድሞ የገባበት ስለሆነ ጨርቁን አያርስም።

መሙያ የሚባለው ደግሞ ኢፖክሲው ውስጥ የምትጨምረው ዱቄት ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። ሲሊካ አለ። እንደ አመዳይ ነጭ፣ ከመቅለሉ የተነሳ ጣሳውን ስትከፍት ወደ አየር የሚነሳ። ኢፖክሲውን ያወፍራል፣ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይጠጣም። መጥፎነቱ ሲደርቅ ለመሞረድ እጅ ይበላል። ተቆራርጦ የደቀቀ ፋይበር አለ። እሱ ጭዱ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድና ጠርዝ ለመሙላት ከሲሊካ ጋር ትቀላቅለዋለህ። ማይክሮባሉን አለ። በዓይን የማይለዩ ባዶ ሉሎች ናቸው፤ ከመስታወት የተሠራም አለ፣ ቡናማም አለ። ቀላል ነው፣ ለመሞረድም ቅቤ ነው። ለዚህም ነው ሠራተኛ ሁሉ የሚወደው። እኔ ግን ከውሃ በታች እንደ ዋና መሙያ አልጠቀምበትም። ብዙ አየር የያዘ ነገር ላዩ ከተፋቀ ውሃ ያስገባል። የመስታወቱን ዓይነት ላይ ላዩን ለማስተካከል በስሱ ብትቀባው ችግር የለም፤ በላዩ ሁለት ሦስት እጅ ንጹሕ ኢፖክሲ ይሂድበት። ቡናማውን ማይክሮባሉን ግን ከውሃ መስመር በላይ ላለው ሥራ ተወው።

ስለዚህ ላንተ ሲሊካና የደቀቀ ፋይበር። ውፍረቱን በዓይንህ ታውቀዋለህ። ጨርቅ የምታርስበት ኢፖክሲ ምንም አይገባበትም፣ እንደ ቀጭን ማር ነው። የምትሞላበት ደግሞ እንደ ገንፎ መቆም አለበት። በስፓቱላ አንስተህ ስትገለብጠው ካልወረደ ደርሷል። ዱቄቱን የምትጨምረው ሬዚንና ሃርድነሩ በደንብ ከተዋሃዱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አይሆንም።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ከመሞረድህ በፊት አካባቢውን በአሴቶንና በንጹሕ ጨርቅ አጽዳ። ጄልኮት ላይ ሰምና ዘይት አለ፤ ሳታነሳው ከሞረድከው ወደ ጭረቱ ታስገባዋለህ። ከዚያ በግራይንደር ከውጭ በኩል ስንጥቁን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክፈተው። ጠርዙ ቀስ እያለ እንዲሳሳ ማድረግ አለብህ። ለውፍረቱ 12 እጥፍ ስፋት ስጠው። የጀልባህ ሆድ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በያንዳንዱ ጎን 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ብዙ ጤነኛ ፋይበር ስትበላ ልብህ ይሳሳል። አይሳሳ። አዲሱ ጨርቅ የሚጣበቅበት ስፋት እሱ ነው። ቁመቱ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ቆፍረህ ብትሞላው ጫፉ ላይ እንደገና ይሰነጠቃል። በመጨረሻም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አቧራውን ጥረገው። ከዚያ በኋላ በእጅህ አትንካው።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገበያ ላይ በቀላሉ የምታገኘው ማት፣ ያ የተበጣጠሰ ክር ተበትኖ የተጣበቀው፣ የተሠራው ለፖሊስተር ነው። ክሩን ያጣበቀው ነገር የሚሟሟው ፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው። ኢፖክሲ ስታይሪን የለውም። ስለዚህ ማቱ እንደ ካርቶን ግትር ብሎ ይቀራል፣ አይርስም፣ አየር ይይዛል። ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ግዛ። በካሬ ሜትር 600 ግራም የሚመዝነው ካገኘህ ስድስት ድርብ ገደማ 5 ሚሊ ሜትሩን ይሞላልሃል።

መጀመሪያ ቦታውን ንጹሕ ኢፖክሲ በብሩሽ ቀባ። ከዚያ ያልተስተካከለውን በሲሊካው ገንፎ ሙላ። እሱ ሳይደርቅ ጨርቁን ጀምር። ትልቁን መጀመሪያ፣ ትንሹን መጨረሻ። ይሄን የሚገለብጡ ሠራተኞች አሉ። እኔ ትልቁን የማስቀድመው በኋላ ስሞርድ የሚፋቀው ትንሹ እንዲሆን ነው፤ ጤነኛውን ፋይበር ያቀፈው ትልቁ ጨርቅ ሳይነካ ይቀራል። እያንዳንዱን ድርብ በብሩሽ ነካ ነካ እያደረግክ አርሰው። ነጭ ነጥብ ካየህ አየር ነው። ግልጽ ብሎ ጠቆር እስኪል ቀጥል። ከውስጥ በኩልም ቀለሙን ፍቀህ ሁለት ድርብ ጨርቅ ሰፋ አድርገህ ጨምርበት። ለዚህ ሁሉ 1 ኪሎ የሚሆን ኪት ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም።

አለካኩ ላይ ጥንቃቄህ አይለይህ። ፖሊስተር ላይ ማጠንከሪያ ጨመር ብታደርግ ቶሎ ይደርቃል። ኢፖክሲ እንደዚያ አይደለም። ሬዚንና ሃርድነሩ በቁጥር ነው የሚጋጠሙት፤ የተረፈው ወገን ዘላለም እንደተጣበቀ ይቀራል። ጣሳው ላይ 2 ለ1 ካለ 2 ለ1 ነው። ልኬቱ በይዘት ነው ወይስ በክብደት የሚለውን አንብብ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለትንሽ ሥራ ከፋርማሲ ሁለት ትልልቅ ሲሪንጅ ግዛ፣ አንዱን ለሬዚን፣ አንዱን ለሃርድነር። አታቀያይራቸው። 40 ሚሊ ሊትር ከ20 ጋር፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ የኩባያውን ግድግዳና ታች እየፋቅክ አዋህድ።

ብዙ አትበጥብጥ። ጀማሪ ሳለሁ ግማሽ ኪሎ ያህል በአንድ የፕላስቲክ ጣሳ በጠበጥኩ። ጨርቅ ቆርጬ ስመለስ ጣሳው ይጨሳል። ኢፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ በአንድ ቦታ ሲከማች ሙቀቱ መውጫ ያጣና ራሱን ያቀጣጥላል። ያን ቀን ጣሳው ሲቀልጥ በእንጨት ገፍቼ አሸዋ ላይ ነው የጣልኩት። ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚከተል ማሰብ አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ ከ100 ግራም በላይ በአንዴ በጥብጬ አላውቅም፤ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ አሰጠዋለሁ። ጥልቅ ጉድጓድንም ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ በአንዴ አልሞላም። አየሩ በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የመሥሪያ ጊዜህ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠዋት፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ 3 ሰዓት ላይ ጀምር። ከ8 ሰዓት በፊት ጨርስ። የሐይቁ እርጥበት ማታ ከመውረዱ በፊት ላዩ እንዲይዝ ነው።

በማግስቱ ላዩ ላይ እንደ ሰም የሚያዳልጥ ነገር ልታገኝ ትችላለህ። ብዙ ሃርድነሮች ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኙ ያወጡታል። ሳታጥበው ብርጭቆ ወረቀት አታስጠጋው። ሞቅ ባለ ውሃና በሻካራ የዕቃ ማጠቢያ አሽተህ እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ፍቅ። በላዩ ሁለት እጅ ንጹሕ ኢፖክሲ፣ ቀጥሎ የኢፖክሲ ፕራይመር፣ መጨረሻ ላይ ባለሁለት ክፍል ቀለም። ቀለሙን አትዝለለው፣ ፀሐይ ኢፖክሲን ትበላዋለች። የፖሊስተር ጄልኮትን ግን በኢፖክሲ ላይ አትመልስ፤ ብዙ ጊዜ በደንብ አይደርቅም፣ አይዝምም።

ገንዘቡ በእውነት ከከበደህ፣ ጀልባዋ መጀመሪያ በተሠራችበት ፖሊስተር ሬዚንና ማት ልትሠራው ትችላለህ፤ ሞረዳውና ማድረቁ እንዳለ ሆኖ። ኢፖክሲን አያክልም፣ አሮጌ ፋይበር ላይ ያለው አያያዝ ያንሳል። ግን ከስቱኮ በብዙ ይሻላል። ስቱኮ ሦስተኛ ጊዜ ከምትገዛ ይሄን አድርግ።

ይሄ ሁሉ ለፋይበር ነው። የእንጨት ጀልባ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች ቢያነቡት፣ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ኢፖክሲ አትሙሉ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ መሃሉ ድንጋይ የሆነ ነገር ካገኘ ሳንቃውን ይገነጥለዋል። መጋጠሚያ የሚለጠጥ ነገር ነው የሚፈልገው።

እጅህን ደግሞ ጠብቅ። ኢፖክሲ ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያመጣል። አንዴ ከመጣ በኋላ አይለቅም፤ ሙያውን ትተው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ናይትሪል ጓንት አድርግ። ከነካህ በአሴቶን አትታጠብ፣ ወደ ቆዳህ ያስገባዋል። በጨርቅ ጠርገህ በሳሙና ታጠብ። ስትሞርድና ሲሊካ ስትቀላቅል ጥሩ ማስክ ይኑርህ፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም።

ከጨረስክ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ተዋት። በማግስቱ በጥፍርህ ስትነካው ደረቅ ነው፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው ግን ወደ ሰባት ቀን ሲጠጋ ነው። ከዚያ ሰው ሳትጭን ውሃ ላይ አውርዳት። ከውስጥ በኩል ጥገናው ላይ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፍበትና ጠርዙን በድንጋይ ያዘው። አንድ ሌሊት ትደር። ጠዋት ጋዜጣውን አንስተህ እየው። ጠርዙ ላይ ትንሽ እንኳ ጠቆር ያለ ነገር ካለ መልሰህ አውጣትና ፎቶውን ላክልኝ። ደረቅ ከሆነ ሞተሯን አስነሳና ብቻህን አንድ ዙር ውሰዳት፣ ስትመለስም ሌላ ጋዜጣ አንጥፍ።